ተዋናዩ ተራው ሳይደርስ ምን ያደርጋል?

ክቡራትና ክቡራን፣ የጅማ የኪነ ጥበብ ክበባት አባላት፣ ከአጋሮ፣ ከሰቃና ከሊሙ ገነት ድረስ የመጣችሁ ወጣት ተዋንያን፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

እንድናገር የተጠየቅኩት አዘጋጅ፣ ማለትም ዳይሬክተር፣ ተዋናይ ሲመርጥ ምን እንደሚፈልግ ነው። መልክ ነው፣ ቁመት ነው፣ አዲስ አበባ ዘመድ መኖሩ ነው የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መልክ ለአንዳንድ ሚና ያስፈልጋል፤ ትውውቅም በር ያስከፍታል፤ ይህን አልክድም። ያ ተዋናይ ለሁለተኛ ሥራ መጠራት አለመጠራቱ ግን በሌላ ነገር ይወሰናል፤ እኔም የመጣሁት ስለዚያ ነገር ልነግራችሁ ነው።

ለአንድ ሚና ሁለት ሰዎችን ሳወዳድር ዓይኔ የሚያርፈው የመናገር ተራው የሌላ ሰው በሆነበት ጊዜ ነው። አንዱ የራሱን ቃለ ተውኔት ከጨረሰ በኋላ አብራው የምትጫወተውን ተዋናይት የመጨረሻ ቃል ብቻ ይጠብቃል፤ እሷ ሳትጨርስ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሌላው የምትለውን ገና ዛሬ እንደሚሰማ ሆኖ ይቆማል። ትናንት በልምምድ በቁጣ ያለችውን ዛሬ ዝግ ብላ ብትለው፣ የእሱም መልስ ዝግ ይላል። እኔ የምወስደው ይህን ሁለተኛውን ነው። ድምፁ ቢሳሳ ይሠለጥናል፤ እንቅስቃሴው ቢገታ ይፍታታል። የማያዳምጥን ሰው ግን በአንድ ወር ልምምድ አዳማጭ ማድረግ እጅግ ከባድ ነው።

አሜሪካዊው የትወና መምህር ሳንፎርድ ማይስነር ኒው ዮርክ ውስጥ ለበርካታ ዓመታት ያሠራው የነበረ አንድ መልመጃ አለ። ሁለት ተዋንያን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዷ ያየችውን ትናገራለች፦ «ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሰሃል።» እሱ ይመልሳል፦ «ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሻለሁ።» እንደዚያው እየተቀባበሉ ይደጋግሙታል። ቃሉ ያው ነው፤ ድምፁ ግን ቀስ በቀስ ይለወጣል። አንዱ ይስቃል፣ ሌላዋ ይከፋታል፣ ሳቁም መከፋቱም በቀጣዩ ድግግሞሽ ላይ ይሰማል። ምን እናገራለሁ የሚለው ጭንቀት ስለሌለ ትኩረታቸው በሙሉ ፊት ለፊታቸው ወዳለው ሰው ይሄዳል። ለዚህ መልመጃ ሁለት ወንበር ይበቃል። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ሥሩት፤ ሁለቱን እያቀላቀላችሁ ብትሠሩት ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል፤ የዚህ ከተማ ሰው የሚነጋገረው እንደዚያ ነውና።

ጅማ ላይ መድረክ የሠራ ሁሉ ዝናብን ያውቃል። በክረምት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ፣ በትርኢት መካከል ዶፉ ሲወርድ ከኋላ የተቀመጠው ተመልካች ምንም አይሰማም። አንዳንዱ ተዋናይ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። አንዳንዱ ይጮኻል፤ ጩኸቱም የፍቅሩን ትዕይንት ጠብ ያስመስለዋል። አንዲት ተዋናይት ግን ያን ዝናብ ሰምታ ስትቆም አይቻለሁ። ከገጸ ባሕርይዋ ሳትወጣ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ አብሯት የሚጫወተውም ገብቶት ዝም ብሎ ተቀመጠ። ዝናቡ ጋብ ሲል ካቆመችበት ቀጠለች። ተመልካቹ ዝናቡን የተውኔቱ አካል አድርጎ ተቀበለው። ያን ጊዜ አዘጋጁ እኔ አልነበርኩም፤ እንዲህ ዓይነት ተዋናይት ግን እስከ ዛሬ እፈልጋለሁ።

መድረክ ድምፅ ይፈልጋል፤ የሚፈልገውም የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጡትን እናት ሳይጮኽባቸው የሚደርሳቸውን ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ፊቱን ያየ አድማጭ አልነበረም፤ ያም ሆኖ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በአንድ ሰው ጉሮሮ ውስጥ የራሱን ዕድሜ፣ የራሱን ትዕቢትና የራሱን ሐዘን ይዞ ይወጣ ነበር። ገጸ ባሕርያቱን አስቀድሞ በጆሮው ያልሰማ ሰው እንዲያ ሊያሰማን አይችልም። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም መድረካቸው የቆመው ዘፈንን፣ ውዝዋዜንና ትወናን አብረው በያዙ ባለሙያዎች ነው። ዛሬም መዝፈንና መወዛወዝ የምትችሉ ካላችሁ፣ ይህን ችሎታ ከትወና ዝቅ አድርጋችሁ አትዩት፤ አዘጋጅ ይፈልገዋል።

ካሜራ ፊት ሥራው ይለወጣል። የፊልም ትዕይንት አብዛኛውን ጊዜ በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም። ቤቱ የተከራየው ለሁለት ቀን ከሆነ፣ በዚያ ቤት የሚሆነው ሁሉ በሁለት ቀን ማለቅ አለበት፤ ጠዋት ለቅሶ፣ ከሰዓት የሽማግሌ ልመና። ስለዚህ ከየት እንደመጣች፣ ምን እንደምትፈልግ፣ ምን ገና እንዳልሰማች ለይታ የምታውቅ ተዋናይት ዳይሬክተሩን ታሳርፋለች።

አንዲት ተዋናይት ቡና ትቀዳለች እንበል። ባዶ ጀበና ሲነሳ ይቀላል፤ የጅማ ተመልካች ደግሞ በዚህ አይታለልም። ጀበናው እንዲሞላላት የምትጠይቅ ተዋናይት ሥራዋን ታውቃለች። ከዚያ ያው ትዕይንት ከሩቅ ይቀረጻል፣ ከቅርብ ይቀረጻል፣ በአድማጯም ፊት ላይ ይቀረጻል። በመጀመሪያው ቀረጻ «ልጄ» ስትል ሲኒውን ካነሳች፣ በአራተኛውም «ልጄ» ስትል ማንሳት አለባት፤ አለዚያ ኤዲተሩ ሁለቱን ሲያገናኛቸው ሲኒው በአየር ላይ ይዘላል። እጇ ያንኑ ይደግማል፣ ጆሮዋ ግን እንደ አዲስ ይሰማል። ይህን ሁለቱን አንድ ላይ የሚችል ሰው ብርቅ ነው።

ፊታችሁንም ብዙ አታሠሩት። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድን ተዋናይ ያንኑ ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ጋር አጣምሮ አሳየ፤ ተመልካቹ በአንዱ ረኃብ፣ በሌላው ሐዘን እንዳየበት ይነገራል። ግማሹን ሥራ የሚሠራው ተመልካቹ ነው። በቅርብ ሾት ላይ ቅንድብን ማንሳት እንኳ መድረክ ላይ እጅን ወደ ሰማይ የመዘርጋት ያህል ይገዝፋል።

አሁን የምናገረው ለእኔ ከሁሉ በላይ ክብደት ያለው ነው። ካሜራው በጓደኛችሁ ላይ ሲሆን እናንተ አትታዩም። ብዙ ተዋናይ በዚያ ሰዓት ስልኩን ይዞ ወደ ጥላ ይሄዳል፣ ቃለ ተውኔቱንም የዳይሬክተሩ ረዳት በእሱ ፈንታ በደረቅ ድምፅ ያነባል። ከካሜራው አጠገብ ቆሞ፣ የማይቀረጽ ዕንባውን ለጓደኛው የሚሰጥ ተዋናይ አለ። በዚያ ቀረጻ ላይ የምታዩት የሌላው ፊት ነው፤ ያ ፊት እንዲያ የሆነው ግን በእሱ ምክንያት ነው። ዳይሬክተር ይህን ያያል፣ አይረሳውምም።

ሰዓት ማክበርን ረጅም አላደርገውም። በቡና ጫካ ውስጥ የጠዋቱ ብርሃን ማንንም አይጠብቅም። አስተያየት ስትቀበሉም አስቀድማችሁ ሞክሩት፣ ከዚያ ያልተመቻችሁን ተናገሩ፤ ሞክሮ የሚከራከር ተዋናይ እወዳለሁ፣ ሥራውንም ያሻሽልልኛል።

አዘጋጅ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ለእናንተም አለኝ። ጽሑፉን በቀረጻው ዋዜማ ማታ በቴሌግራም ልከን ጠዋት ጥልቅ ትወና መጠበቅ ግፍ ነው። የንባብ ልምምድ ጊዜ ስጧቸው። ክፍያቸውን በተነጋገራችሁበት ቀን ክፈሉ፤ በቤት ኪራይ የተጨነቀ ሰው የጓደኛውን ቃል በምን ጆሮው ይስማ? ለሴት ተዋንያን የሚለብሱበት የተከለለ ክፍል፣ ማታ ሲያመሹም ቤታቸው የሚያደርስ መኪና አዘጋጁ። ይህን ሳናሟላ ስለ ተዋናይ ድክመት የማውራት መብት የለንም።

ከምሳ በኋላ እዚሁ ጥንድ ጥንድ ሆነን እንቀመጣለንና ከማታውቁት ሰው ጋር ተጣመሩ። ጽሑፍ አትያዙ።

አመሰግናለሁ።