አይጧ በማን ሰዓት ትተኛ?

የማኅበራችን አባላት፣ እንግዶቻችን፣ እንኳን ድሬ በሰላም መጣችሁ። ሙቀቱን ቻል አድርጉት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ከኋላ አለ። አላረዝምም። አንድ የራሳችንን ጉድ ነግሬያችሁ ወደ ጉባኤው እንገባለን።

እኔ በምሠራበት ላብራቶሪ የአይጦቹ ክፍል መስኮት የለውም። ቀኑም ሌሊቱም አምፖሉ ነው። አዲስ ታይመር ሲገጠም ወረቀቱ ላይ «1 ሰዓት ይብራ፣ 1 ሰዓት ይጥፋ» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ጠዋትና ማታ ለማለት። ታይመሩ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በርቶ፣ ቀን 7 ሰዓት ላይ ድርግም። ከምሳ ስንመለስ ጨለማ። «አቦ፣ መብራት ሄደ!» አልን፣ ይኼ እዚህ ማንን ይገርማል? በስልካችን ባትሪ እያበራን አይጥ መመዘን ቀጠልን፤ የኮሪደሩ መብራት ቦግ ብሎ እየበራ መሆኑን ሦስት ቀን ሙሉ ልብ ያለ የለም።

አይጥ የሌሊት እንስሳ ናት። አብዛኛውን ምግቧን የምትበላው፣ የምትሯሯጠው በጨለማ ነው። ቀንና ሌሊቷን ሙሉ ስድስት ሰዓት ስናዛባባት ሰውነቷ እስኪለምድ ቀናት ይፈጅበታል፣ እኛ ደግሞ መዝገቡ ላይ «ተቁነጥንጠዋል» ብለን ጻፍን። በጨለማዋ ላይ የምናበራው ባትሪም ቀላል አይደለም፤ በበር ስንጥቅ የሚገባ ደብዛዛ ብርሃን እንኳ ሜላቶኒኗን፣ ሰውነቷ በጨለማ የሚያመነጨውን ሆርሞን፣ ያወርደዋል። የዚያን ሳምንት መረጃ ጣልነው። አንጀቴን የበላው ግን መረጃው አይደለም፣ ኬጁ ጥግ ተደራርበው ከባትሪው ሲሸሹ ማየቴ ነው።

ነጮቹ አይጦችማ የባሰባቸው ናቸው። ዓይናቸው ብርሃን የሚከላከልበት ቀለም ስለሌለው ደማቅ መብራት ሬቲናቸውን፣ ከዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ ይጎዳል። ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ 325 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ለሠራተኛው ይበቃል፤ መደርደሪያው አናት ላይ ያለው ኬጅ ግን አምፖሉ ሥር ስለሆነ ከታችኛው በጣም የበለጠ ብርሃን ያገኘዋል። የላይኞቹንና የታችኞቹን እያቀያየራችሁ፣ መደበቂያም ስጧቸው። ካርቶን ይበቃል።

በሥራ ሰዓት ንቁ አይጥ የሚፈልግ ደግሞ ዑደቱን ይገልብጠው። ቀን ጨለማ፣ ሌሊት ብርሃን፣ ለሠራተኛው ደብዛዛ ቀይ መብራት፤ ቀዩን እነሱ እምብዛም አያዩትም።

ዛሬ ጥናት የምታቀርቡ ሁሉ ታዲያ አንድ ነገር አትዝለሉብኝ፦ መብራቱ ስንት ሰዓት በርቶ ስንት ሰዓት ጠፋ፣ አይጧንስ በየትኛው ሰዓት ለካችኋት?

ከምሳ መልስ 9 ሰዓት ላይ እንገናኝ። በእኛ አቆጣጠር።