ጌጡን እንቀንስ፣ ፊደሉን ግን አንንካ

[ስክሪኑ ላይ፦ አንድ መስኮት ቀስ ብሎ ወደ ታች ሲሰበሰብ]

ይቺን የዊንዶውስ መስኮት እዩልኝ። ወደ ታች ስሰበስባት ዝም ብላ አትጠፋም። እየጠበበች፣ እየደበዘዘች ነው የምትወርደው። ያምራል። ግን ይህን ሁሉ የሚስለው ግራፊክሱ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ የምናየውን የሚያዘጋጀው የኮምፒውተሩ ክፍል ነው። ርካሽና አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ግራፊክሱ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ፕሮግራሞቹ ሲሠሩ ከሚጠቀሙበት ሜሞሪ፣ ከራሙ ላይ ነው የሚቀነስለት። ራማችሁ 4 ጊጋ ከሆነ፣ ክሮም ተከፍቶ ዎርድ ሲጨመርበት ማሽኑ መንቀራፈፍ ይጀምራል።

ስለዚህ ጌጡን እንቀንስለት።

[ስክሪኑ ላይ፦ የስታርት መፈለጊያ]

ስታርትን ተጫኑና በእንግሊዝኛ «አድጀስት ዘ አፒራንስ» ብላችሁ ጻፉ። ጽፋችሁ ሳትጨርሱ ይመጣላችኋል። ዊንዶውስ 10 ላይም 11 ላይም ያው ነው። ክፈቱትና «አድጀስት ፎር ቤስት ፐርፎርማንስ» የሚለውን ምረጡ። ከታች የተደረደሩት የራይት ምልክቶች በሙሉ ይጠፋሉ።

እዚህ ጋ ቆይ! «አፕላይ»ን ገና አትጫኑ።

[ስክሪኑ ላይ፦ «ሉ» እና «ሊ» ጎን ለጎን፣ በትልቁ]

ይህ ሉ ነው፣ ይህ ደግሞ ሊ። የሚለያቸው በቀኝ እግራቸው ላይ ያለችው ትንሽ ጭረት ናት። አንዱ ጋ መሃል ላይ ናት፣ ሌላው ጋ ታች። አሁን ካጠፋናቸው ምልክቶች አንዱ «ስሙዝ ኤጅስ ኦፍ ስክሪን ፎንትስ» ይባላል። ሥራው የፊደሉን ጠርዝ ማለስለስ ነው። እሱ ሲጠፋ ፊደሉ እንደ ደረጃ ይሸራረፋል፤ ጽሑፉ ትንሽ ሲሆን ያቺ ጭረት ከእግሩ ጋር ትጣበቃለች። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ምናልባት ይችለዋል። እኛ ግን በዚያች ጭረት ነው የምናነበው። ይህን ለሚያህል ነገር ዓይናችሁን አታድክሙ። መልሳችሁ ራይት አድርጉት።

«ሾው ተምብኔይልስ» የሚለውንም መልሱት። አለዚያ የሠርግ ፎቶ ፎልደር ስትከፍቱ ሁሉም አንድ ዓይነት ምልክት ይሆንና የትኛው የት እንዳለ አታውቁም።

አሁን «አፕላይ»፣ ከዚያ «ኦኬ»።

[ስክሪኑ ላይ፦ ያቺው መስኮት በቅጽበት ስትጠፋ]

አያችሁ? እልም አለች። የሜኑዎቹ መንሸራተት፣ የመስኮቶቹ ጥላ፣ ሁሉም ቀርቷል። ዊንዶውስ 11 ካላችሁ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ሴቲንግስ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ቪዥዋል ኢፌክትስ ግቡና «ትራንስፓረንሲ»ን አጥፉት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ካልተሻለው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ዲስክ» የሚለው ምንም ሳትሠሩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ከቀረ፣ የሚያዘገያችሁ ጌጡ አይደለም። ውስጡ ያለው የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ በኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ዲስክ አስቀይሩት።