ትኩስ ልብስ አይታጠፍም! (የአድማጮች ጥያቄና መልስ)

ጥር ሲቃረብ የፕሮግራማችን ስልክ አያርፍም። ባለፈው ቅዳሜ ሰዓቱ አልበቃንም። አዘጋጆቹ ያልተመለሱትን ጥያቄዎች ጽፈው ሰጡኝ። እኔም ሱቄን ዘግቼ፣ ካውያዬን ነቅዬ መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ደብረ ማርቆስ ላይ ልብስ ስሰፋና ስተኩስ 30 ዓመት አልፎኛል። ጥያቄው ግን ዘንድሮም ያው ነው፤ «የክት ልብሴን ሳይጨማደድ እንዴት ላድርሰው?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዲስ አበባ የወንድሜ ሰርግ አለ፤ ሚዜ ነኝ። ሱፌን እዚሁ አስተኩሼ በሌሊት አውቶቡስ ልሄድ ነው። አምና እንዲሁ አድርጌ ላም አኝካ የተፋችው መስሎ ደረሰ። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ልገምት? ማታ ዘግይተህ አስተኮስክ። ልብሱ እንፋሎቱ ሳይለቀው ሻንጣ ውስጥ ከተትከው። ልጄ፣ ትኩስ ልብስ አይታጠፍም! ጨርቅ ሲሞቅና ሲረጥብ ክሩ ይላላል። ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ ባለበት ቅርጽ ይጸናል። የካውያ ሥራ ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ዘርግተህ ብታቀዘቅዘው ቀጥ ይላል። አጥፈህ ብታቀዘቅዘው እጥፋቱን ይዞ ይቀራል። ከካውያ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት መስቀያ ላይ ይዋል። ቢያድር ደግሞ የተሻለ ነው።

መንገዱንም አስበው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ። ደጀን ላይ ጋቢውን የተከናነበ ሰው ታች ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሸሚዙን ይፈታል። ጎሐ ጽዮን ስትወጣ እንደገና ብርድ ነው። ሻንጣህ ፖርቶ መጋላ ላይ ከሆነ፣ ከላዩ የሰው ጤፍ ተጭኖበት በረሃው ላይ ይሞቃል፣ ዳገቱ ላይ ይቀዘቅዛል። ይኼ እኮ ራሱ ካውያ ነው! ያውም ጠማማ ካውያ።

እንግዲህ ኮቱን እንዲህ እጠፈው። ኪሶቹን ባዶ አድርግ። ግራ ትከሻውን ገልብጠው፣ ገበሩ ወደ ውጭ ይምጣ። ቀኝ ትከሻውን ሳትገለብጥ በተገለበጠው በግራው ውስጥ ሸጉጠው። አንዱ ትከሻ ሌላውን እንደ ኮፍያ አጠለቀው ማለት ነው። አሁን ገበሩ ውጭ፣ ሱፉ ውስጥ ሆነ። ቢጨማደድም የሚጨማደደው ገበሩ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አያይብህም። ወገቡ ላይ የተጠቀለለ ካኔተራ አስቀምጥና አንድ ጊዜ ብቻ እጠፈው። ሱሪውን መስመር ለመስመር ግጠምና ግማሹን ሻንጣው ውስጥ አንጥፍ፣ ግማሹ ውጭ ይንጠልጠል። ኮቱን መሃሉ ላይ አስተኛና የተንጠለጠለውን መልሰህ አልብሰው። አንዱ ለሌላው ትራስ ይሆነዋል። ሻንጣዋን ደግሞ ረዳቱ ሳይወረውራት በፊት ጭንህ ላይ ያዛት።

ጥያቄ፦ ልብስ ይጠቀለላል ወይስ ይታጠፋል? (ከዳንግላ)

መልስ፦ ካኔተራ፣ ጂንስና ፒጃማ ይጠቀለላል። ሱፍና ሸሚዝ ይታጠፋል። አለቀ።

ጥያቄ፦ ላውንደሪ ቤት ያለበሱልኝን ላስቲክ ላውልቀው ወይስ ይቆይ? (ከቡሬ)

መልስ፦ ለመንገድ ይቆይ። ላስቲክ ያንሸራትታል፤ ጨርቅ ከጨርቅ ጋር እየታከከ አይሸበሸብም። ቤት ስትደርስ ግን አውልቀው። በተለይ በክረምት እርጥበት ያፍናል፣ ልብሱ ይሻግታል። ሌላ ምክር ልጨምርልህ። ልብሱን ሲያስረክቡህ እጅህን በላስቲኩ ሥር አስገብተህ ዳስሰው። ሞቅ ካለ እዚያው ይሰቀል። የኔም ልጆች ሰው ሲበዛባቸው ይኼን ይረሳሉ፤ አልሸሽግም።

ጥያቄ፦ ልጄ ከአሜሪካ «ነይና በትልቅ መርከብ ባሕር ላይ አንድ ሳምንት እንዝናና» ብላኛለች። አንዱ ምሽት ሰው ሁሉ የክት ልብሱን ለብሶ ነው አሉ እራት የሚበላው። የሐበሻ ቀሚሴን ልይዝ ነው። ትንሿን ካውያዬን ሻንጣ ውስጥ ልክተታት? (እናት፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ካውያዋ ግን ቤት ትቅር። እነዚህ የመዝናኛ መርከቦች በእሳት አይቀልዱም። ባሕር መሃል ላይ ወዴት ይሮጣል? ስለዚህ አብዛኞቹ ካውያም ሆነ የእንፋሎት መተኮሻ ክፍል ውስጥ አያስገቡም። ሻንጣው ሲፈተሽ ካገኙት ይወስዱታል። አንዳንዱ መርከብ ካውያ ያለው የጋራ ማጠቢያ ክፍል አለው። ሌላው በክፍያ ተኩሶ ያመጣልዎታል። የትኛው እንደሆነ ልጅዎ አስቀድማ ትጠይቅ።

ቀሚሱን ከጉዞው አንድ ቀን ቀድመው ይተኩሱት። ሰቅለው ያሳድሩት። (ትኩስ ልብስ አይታጠፍም ብያለሁ!) ከዚያ አልጋ ላይ ይዘርጉት። እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ ይመልሱ፣ ነጠላውን ከላዩ ያንጥፉ፣ ከታች ከጥለቱ ጀምረው ላላ አድርገው ይጠቅልሉት። ቅድም የሚጠቀለለው ካኔተራ ነው ብዬ ነበር። የሐበሻ ቀሚስ ከኔ ልዩ ፈቃድ አለው።

ትልቁን ሻንጣ ወደቡ ላይ ተረክበው ክፍልዎ ድረስ ያመጡልዎታል፤ እስከ ማታ ሊዘገይ ግን ይችላል። ስለዚህ ቀሚሱ በእጅ ሻንጣ ይሁን። ክፍልዎ እንደገቡ፣ ባሕሩን ከማየትዎ በፊት፣ አውጥተው ይስቀሉት። የመርከብ ክፍል ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው። ማግኔት ያለው ትንሽ መንጠቆ ቢይዙ ይጣበቅልዎታል። ጥቂት ሽብሽብ ከታየ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ሰቅለው፣ በሩን ዘግተው በሙቅ ውሃ ይታጠቡ። እንፋሎቱ ያላላዋል። ከዚያ አውጥተው ሰቅለው ያድርቁት። እርጥቡን ለብሰው ቢቀመጡበት ግን የወንበሩን ቅርጽ ይዞ ይነሳል። ፎቶ ይላኩልን።

ጥያቄ፦ ሱሪ ፍራሽ ሥር ማስተኛት ይሠራል? (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይሠራል። መስመሩን በደንብ ካልገጠምክ ግን ሌሊቱን ሁለተኛ መስመር ያወጣልሃል። ሁለት መስመር ባለው ሱሪ ክፍል ገብቼ አውቃለሁ። ሴቶቹ እስከ ምሳ ሰዓት ሳቁብኝ።

ጥያቄ፦ ለሰርጉ የምናድርበት ቤት መብራት ይጠፋል። የከሰል ካውያ ይዘን እንሄዳለን። ሌሊት ክፍላችን ውስጥ ስንተኩስ ፍሙ ሱፉን እንዳያበላሸው ምን እናድርግ? (ሦስት ሚዜዎች፣ ከሞጣ)

መልስ፦ ሱፉን ለጊዜው ተዉት። ስለ እናንተ እናውራ።

22 ዓመቴ ላይ ቢቸና አካባቢ ሚዜ ሆኜ ሄድኩ። አምስት ነበርን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በሩን ዘጋን፣ መስኮቷን በቡሉኮ ጋረድን። አንዱ ሲተኩስ ሌላው ተራ ይጠብቃል። መጀመሪያ እኔን ራሴን ፈለጠኝ። ቀጥሎ አንዱን ጓደኛዬን ያጥወለውለው ጀመር። ምን ብንል ጥሩ ነው? «ጠላው ነው!» የሙሽራውን እናት ጠላ ስናማ፣ ሦስተኛው የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ እንደ ጆንያ ተደፋ። ቁልፉ ላይ ያለው እጁ አሁንም ይታየኛል። ያዳነችን የቤቱ ባለቤት ናት። ቁርስ ይዛ በሩን በክርኗ ገፋችው፣ ንጹሕ አየር ገባ። ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ ሰርጉ ለቅሶ ይሆን ነበር።

ያ ነገር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ትተነፍሳለህ፤ አየሩ ግን አንጎልህ ዘንድ አይደርስም።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ነው የምናስገባው» ትሉኛላችሁ። በየዓመቱ እሰማዋለሁ። መጥፎው እሱ ነው! ጭስ ቢኖር ያስላችኋል፣ ዓይናችሁን ያቃጥላል፣ ተሳድባችሁ ትወጣላችሁ። ፍም ግን ዝም ብሎ ነው የሚገድለው። «ጨው ነስንሰንበታል»፣ «አጠገቡ ውሃ አስቀምጠናል» የሚሉም አሉ። ጨው ለወጥ ነው። ውሃውንም ጠጡት። ሁለቱም ይኼን ጋዝ አይዙትም። «መስኮቱን ትንሽ ገርበብ አድርገናል» ማለትም አያድንም።

የከሰል ካውያ ደጅ ነው ቦታው። በረንዳ ላይ፣ ዛፍ ሥር፣ ሰማይ ባለበት። ተኩሳችሁ ስትጨርሱም «ይሞቀናል» ብላችሁ ከነፍሙ እንዳታስገቡት፤ ስንቱ እንደተኛ የቀረው በዚህ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ፣ ያውም ሁላችሁንም በአንድ ጊዜ ከያዛችሁ፣ ጠላውን አትክሰሱት። በሩን ክፈቱ፣ ውጡ፣ የደከመውን ጎትታችሁ አውጡት። ወተት ልናጠጣው እያላችሁ ጊዜ አታጥፉ። በቀጥታ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ይኼ የልብስ ሰፊ ሥራ አይደለም፤ የሐኪም ነው።

ከጀመርኩ አይቀር አንድ ልጨምር። መብራት ሲኖርም የካውያውን ገመድ ልጣችሁ፣ ጫፉን ሶኬት ውስጥ በክብሪት እንጨት የምትወትፉ አላችሁ። እናንተን እንኳ ተዉ፣ ልጆች አሉ። ፕለግ ግዙ!

አሁን ወደ ሱፉ። አመዱን እፍ ብላችሁ ካውያውን አሮጌ ጨርቅ ላይ ሞክሩት። ሱፉ ላይ ረጠብ ያለ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ተኩሱ። ለነገሩ ቤታችሁ ተኩሳችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ በሥርዓቱ አጥፋችሁ ብትሄዱ እዚያ ካውያ ምን ያደርግላችኋል?

ጥያቄ፦ የኮቴን ኮሌታ ወጥ ነካው። በቤንዚን አስለቅቄ ልተኩሰው? (ከደጀን)

መልስ፦ ቤንዚንና ካውያ በአንድ ክፍል? እናንተ ሰዎች ልትጨርሱኝ ነው። የቤንዚን ትነት እሳት ለመያዝ ካውያው እስኪነካው አይጠብቅም። ደግሞም ስንት ጊዜ ልበል፤ ካውያ እድፍ አያስለቅቅም፣ ያትመዋል። አንዴ የተተኮሰ ወጥ ከኮቱ ጋር ያረጃል። ሳትነካካው ላውንደሪ ውሰደው።

ጥያቄ፦ የቀሚሴ ጥለት ካውያ ሲነካው ተኮማተረ። (ከእንጅባራ)

መልስ፦ ጥጡ ሙቀት ይችላል። ጥለቱ ላይ የሚያብረቀርቀው ክር ግን ብዙውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው፤ ይቀልጣል። ካውያሽ ላይ ያሉትን ነጥቦች እያቸው። አንድ ነጥብ 110 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ሁለት 150፣ ሦስት 200። ነጩን በሦስት ነጥብ፣ ጥለቱን በአንድ ነጥብ ተኩሺ። ጥለቱን ገልብጠሽ፣ ጨርቅ ጣል አድርገሽበት። በሻንጣም ስትይዢው እጥፋቱ ጥለቱ ላይ አይረፍ። የተኮማተረው አይመለስም። ሸማኔ ዘንድ ወስደሽ ጥለቱን አስቀይሪው።

ጥያቄ፦ የሙሽራ ካባችን ከፋይ ነው። ሻንጣ ውስጥ ተጭኖ ጠጉሩ ተጋደመ። እንተኩሰው? (ከመርዓዊ)

መልስ፦ እንዳትነኩት። ካውያ ከነካው ጠጉሩ ተጋድሞ ይቀራል። ለባለሙያ ስጡት።

ጥያቄ፦ ለንግሥ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ ልንሻገር ነው። ነጭ ልብሳችንን ለብሰን እንሂድ ወይስ ይዘነው? (ከአዴት)

መልስ፦ ይዛችሁ። ልብሱ ላስቲክ ውስጥ፣ ላስቲኩ ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው ጭናችሁ ላይ። ጀልባው ወለል ላይ አታስቀምጡት፤ ታች ውሃ አይጠፋም። ዘጌ ስትደርሱ ቀይሩ። ቀሚሳችሁን ቡናው ቅርንጫፍ ላይ እንዳትሰቅሉት ብቻ። ቡና ያበቅላል እንጂ መስቀያ አይደለም፤ ነጭ ልብስም አያከብርም።

ጥያቄ፦ አሁን ተኩሼ መጨረሴ ነው። ሚኒባሱ ደጅ ቆሞ ክላክስ ያደርጋል። ልብሱ ገና ትኩስ ነው። ምን ላድርግ? (ስማቸውን ያልነገሩን፣ ከአማኑኤል)

መልስ፦ ልበሰውና ውጣ። አንተው መስቀያ ሁን። እስኪቀዘቅዝ ግን ክንድህን አትጠፍ።