ዘንግ ስትገዙ ስሙን ሸፍኑት፦ የፍላይ ፊሺንግ ዕቃ ለጣና

(ምስል፦ ባሕር ዳር፣ የሐይቁ ዳርቻ፣ ጠዋት። የደንገል ታንኳዎች ውሃው ላይ።)

ጤና ይስጥልን። ዛሬ የምናወራው በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ስለማጥመድ፣ ማለትም ስለ ፍላይ ፊሺንግ ነው። ይህን ለመጀመር የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ «የትኛው ብራንድ ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔ ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ቢመጣ እመርጣለሁ። ለምን እንደሆነ እንየው።

በተለመደው መንጠቆ ስታጠምዱ ክሩ ቀጭን ነው። ርቆ የሚሄደው ጫፉ ላይ ያለው እርሳስ ስለሚጎትተው ነው። የፍላይ ዝንብ ግን ከላባና ከክር ነው የምትሠራው፤ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል። እሷን ይዞ የሚሄደው ከበድ ያለው ገመድ ራሱ ነው። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ገመዱ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ከእጅ የተነሳው ጉልበት እስከ ጫፍ ይሮጣል። ልዩነቱ ጅራፍ እንዲጮህ ይፈለጋል። እዚህ ከጮኸ ግን ዝንቧ ተበጥሳ ሄዳለች። ገመዱ ከኋላችሁ ሳይዘረጋ ቸኩላችሁ ወደፊት መታችሁ ማለት ነው።

(ምስል፦ የዘንግ እጀታ በቅርበት። ከእጀታው ከፍ ብሎ የተጻፈው ቁጥር።)

ስለዚህ ዘንጉ ላይ መጀመሪያ የምታነቡት ቁጥሩን ነው። 5፣ 6 ወይም 8 ይላል። ዘንጉ የተሠራው ለምን ያህል ክብደት ገመድ እንደሆነ ይነግራችኋል። የሚመዘነው የገመዱ የፊት 30 ጫማ፣ ማለትም 9 ሜትር ከ14 ሳንቲ ሜትር ነው። ባለ 5 ገመድ በዚህ ርዝመት 9 ግራም ገደማ፣ ባለ 8 ደግሞ 13 ግራም ተኩል ገደማ ይመዝናል። ልኩ የአምራቾቹ የጋራ ነው። የአንዱ ኩባንያ ባለ 8 ዘንግ ከሌላው ባለ 8 ገመድ ጋር ይሠራል። አንዳንድ አምራቾች ገመዳቸውን ከልኩ ከበድ ያደርጉታልና ካርቶኑ ላይ ያለውን ክብደትም እዩ።

ታዲያ ለጣና የቱ ይሁን? መልሱን የሚሰጠው ነፋሱ ነው። ባሕር ዳር ከሐይቁ በስተ ደቡብ ናት። ቀን ላይ የብሱ ሲግል ነፋሱ ከውሃው ወደ ከተማው ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ዳር ቆማችሁ ስትወረውሩ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል። ለትንሽ የተራራ ጅረት የተሠራ ባለ 4 ዘንግ፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢገን፣ እዚህ ገመዱን መልሶ ደረታችሁ ላይ ነው የሚጥለው። እኔ ባለ 7 ወይም ባለ 8፣ ርዝመቱ 9 ጫማ የሆነ እመክራለሁ። አራት ቦታ የሚፈታ ይሁን፤ ባጃጅም ሚኒባስም ውስጥ ያለ ጭቅጭቅ ይገባል።

ዓሣውም ዕቃ ያስመርጣል። ጣና ውስጥ 15 ያህል የትልልቅ ባርበስ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ ውጭ የትም አይገኙም፤ ግማሽ ያህሎቹ ሌላ ዓሣ ይበላሉ። ለእነዚህ ትንሽ ዓሣ የምትመስል ዝንብ ያስፈልጋል። ታዲያ አንዳንድ ሻጭ «ትልቅ ዓሣ ከሆነ የሽቦ መሪ ያስፈልግሃል» ይላል። መሪ የሚባለው በገመዱ ጫፍና በዝንቧ መካከል የሚታሰረው ቁራጭ ነው። ባርበስ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ሽቦ ጋምቤላ፣ ባሮ ላይ፣ ጥርሳሙን ታይገርፊሽ ለሚፈልግ ሰው ነው። ለጣና ያንን ብር አስቀሩት።

(ምስል፦ የተለያየ ስም ያላቸው ሪሎች፣ ማለትም የገመድ መጠቅለያዎች፣ ጠረጴዛ ላይ።)

አሁን ወደ ብራንዱ እንምጣ። ኦርቪስ አሜሪካ ውስጥ ከ1856፣ ሃርዲ እንግሊዝ ውስጥ ከ1872 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሉ። እንዲህ ያለ ዕድሜ በዋዛ አይገኝም፤ ሥራቸውን አከብራለሁ። ግን «እኔ የሴጅ ሰው ነኝ፣ ሬዲንግተን አልነካም» የሚል ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ዘንግ አምራቾቹ ሴጅና ሬዲንግተን፣ ገመድ አምራቹም ሪዮ የአንድ ኩባንያ፣ የፋር ባንክ ናቸው። ሃርዲን በ2013 እ.ኤ.አ. የገዛው ፒዩር ፊሺንግ ነው፤ ሌላው የዓሣ ማጥመጃ ብራንድ አቡ ጋርሲያም የእሱ ነው። በዚያው ዓመት ኦርቪስ ሳይንቲፊክ አንግለርስ የተባለውን ገመድ አምራች ገዝቷል። ዘንጎቹ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። የካርቦኑ ጥራት፣ ገመዱ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች፣ አሠራሩ ይለያያል፤ የዋጋው ልዩነትም የሚመጣው በከፊል ከዚህ ነው። ግን ለስም ብላችሁ ስትጣሉ ብሩ አንድ ኪስ ሊገባ ይችላል።

ሌላው ዋስትናው ነው። ከውድ ዘንግ ዋጋ ውስጥ የተወሰነው ለዋስትና የሚከፈል ነው። ሱቁ አጠገብ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሲሰበር ወስዶ ይሰጣል፣ ተጠግኖ ይመለስለታል። ከባሕር ዳር ግን የተሰበረ ጫፍ ውጭ አገር መላክ አለ። የማጓጓዣው አለ፣ የጉምሩኩ ጣጣ አለ፣ መጠበቁ አለ። ብዙዎቻችን የማንጠቀምበትን ነገር አብረን እየገዛን ነው። እኔ ብሆን መካከለኛ ዋጋ ያለው ዘንግ ገዝቼ፣ የሚሸጥ ከሆነ መለዋወጫ ጫፉን አብሬ አስመጣለሁ።

ሪሉ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ዓሣው ሲጎትት ፍሬኑ ገመዱን ሳይነጥር እኩል የሚለቅ፣ ዓሣው ገመዱን ጨርሶ ሲሮጥ የሚለቀቅ 100 ሜትር ያህል ደጋፊ ክር ከገመዱ ሥር የሚይዝ ይሁን፤ ይበቃል።

የተረፈውን ገመድ ላይ አውጡት። ለመጀመሪያ የሚንሳፈፍ ገመድ ይሁን፤ ደንገልና እንቦጭ ባለበት ዳርቻ ሰማጩ ቶሎ ይጠላለፋል። ካርቶኑ ላይ ለምን ዓይነት ሙቀት እንደተሠራ ያንብቡ። ለቀዝቃዛ ውሃ ብቻ የተሠራ ገመድ ሲሞቀው ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል፣ ቀለበቶቹ ውስጥ አይንሸራተትም። ከተጠቀማችሁበት በኋላ ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና አብሱት፤ ፀሐይ ላይ አትተዉት።

(ምስል፦ ነጭ ፕላስተር የዘንጉን ስም ሲሸፍን።)

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ወይም ሦስት ዘንግ ተዋሱ። ሁሉም ላይ ያንኑ ሪልና ያንኑ ገመድ ግጠሙ። ስሙን በፕላስተር ሸፍኑ፤ ጓደኛችሁ እያፈራረቀ ይስጣችሁ። ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ሲነሳ፣ ከጉማሬ ርቃችሁ ሞክሩት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል በተለይ ተጠንቀቁ። አሥር ሜትር፣ ከዚያ አሥራ አምስት፣ ከዚያ ሃያ ወርውሩ። የቱ ገመዱን ነፋሱ ላይ ቀጥ አድርጎ ይዘረጋል? ከየቱ በኋላ ነው የእጅ አንጓችሁ የሚደክመው? ምርጫችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ፕላስተሩን ከዚያ በኋላ ላጡት።