«ፓርቲዬ ምን አለ?»

ክቡራትና ክቡራን፣

ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማነሳው ሰው ለሕዝበ ውሳኔ ወጥቶ ስለሚሰጠው ድምፅ ነው።

በምርጫ ቀን ፓርቲ ይመረጣል። በሕዝበ ውሳኔ ቀን ግን የሚቀርበው አንድ ጥያቄ ነው፤ መልሱም እደግፋለሁ ወይም እቃወማለሁ። ታዲያ መራጩ ለአንድ ቀን ከፓርቲው ነፃ ይወጣል ብለን እንጠብቃለን። ብዙ ጊዜ አይወጣም። ወረቀቱን ሳያይ በፊት «ፓርቲዬ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህን ስንፍና የሚሉት አሉ። እኔ አልስማማም። ጥያቄው አንዳንዴ ስለ ሕገ መንግሥት አንቀጽ ነው፤ አንዳንዴም መቶ ምናምን ገጽ ስላለው ስምምነት። ሥራ ውሎ ደክሞት ቤቱ የገባን ሰው ያን ሁሉ አንብብ ማለት ቀልድ ነው። ስለዚህ ለዓመታት ያመነውን ፓርቲ ይሰማል። ጉዳዩ አዲስና ከኑሮው የራቀ ሲሆን ደግሞ የፓርቲው ቃል ይበልጥ ይከብዳል።

አውስትራሊያን እንይ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1967 የአገሪቱን ቀደምት ነዋሪዎች የሚመለከት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ቀረበ። መንግሥትም ተቃዋሚውም ደገፉት፤ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው መራጭ እሺ አለ። በ2023 ለእነዚሁ ነዋሪዎች ፓርላማውን የሚያማክር አካል ይቋቋም ተባለ። መጀመሪያ ላይ በሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ጥሩ ድጋፍ ነበረው። ዋናው ተቃዋሚ ጎራ እምቢ ሲል ነገሩ የፓርቲ ግብግብ ሆነ፤ 60 በመቶ ያህሉ ተቃወመው። ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፤ ይህኛው ግን ከባዱ ይመስለኛል።

ታማኝነት ግን ልክ አለው። ሰው ቀድሞ የቆረጠበት ጉዳይ ሲመጣ ፓርቲውን ጥሎ ይሄዳል። ብሪታኒያ በ2016 ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ ሲባል ጠቅላይ ሚኒስትር ካሜሮን እንቆይ አሉ። የራሳቸው የወግ አጥባቂ ፓርቲ መራጮች በብዛት እንውጣ አሉ። ተቃዋሚው ሌበር ፓርቲም እንቆይ ብሎ ነበር፤ ከመራጮቹ ሲሶ ያህሉ አልሰሙትም።

ፓርቲው ራሱ ሲከፈልም እንዲሁ ነው። የፈረንሳይ ሶሻሊስቶች በ2004 መጨረሻ አባሎቻቸውን ጠይቀው ለአውሮፓ ኅብረት የታሰበውን ሕገ መንግሥት እንደግፋለን አሉ። ከትልልቅ መሪዎቻቸው አንዱ ሎራን ፋቢየስ ግን ተቃወሙ። በ2005 አገሪቱ በሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ስትሰጥ ከፓርቲው ደጋፊዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እምቢ አሉ። አንድ ፓርቲ ሁለት አፍ ሲኖረው ደጋፊው ደስ ያለውን ይሰማል፤ ያውም ከፓርቲዬ ወጣሁ ሳይል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ታማኝነት ሲገለበጥ ጥላቻ ይሆናል። የጠላሁት መሪ ያሉትን ሁሉ እቃወማለሁ የሚል መራጭም ያው የፓርቲ መራጭ ነው። መሪዎች ደግሞ ይህን እሳት ራሳቸው ይለኩሱታል። የፈረንሳይ ፕሬዝዳንት ደጎል በ1969 ስለ ክልሎችና ስለ ሴኔት፣ ማለትም ስለ ፓርላማው የላይኛው ምክር ቤት፣ ማሻሻያ ሕዝቡን ሲጠይቁ፣ ካልተቀበላችሁኝ ሥልጣን እለቃለሁ አሉ። 52 በመቶ ያህሉ እምቢ አለ፤ ለቀቁ። የጣሊያኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ሬንዚም በ2016 ሥልጣናቸውን አስይዘው ሴኔቱን ላሻሽል አሉ። እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ተቃዋሚዎች ሁሉ በአንድ ቀን አበሩባቸው፤ 59 በመቶው ተቃወማቸው። ከዚያ በኋላ ሴኔቱን ማን ያስታውሳል? ጥያቄው «ይውረዱ ወይስ ይቆዩ?» ሆኖ አረፈው።

ከዚህ ሁሉ የምወደው የስዊዘርላንድን ልማድ ነው። እዚያ ሰው በዓመት እስከ አራት ጊዜ ድምፅ ይሰጣል። ፓርቲዎቹ አቋማቸውን በግልጽ ይናገራሉ። ለእያንዳንዱ መራጭ ደግሞ የሁለቱንም ወገን ክርክር የያዘ ትንሽ መጽሐፍ ቤቱ ይላክለታል። መንግሥት የደገፈው ሐሳብ ሲወድቅም ሚኒስትሮቹ በማግሥቱ ሥራቸው ላይ ናቸው። ስለዚህ ደጋፊው ከፓርቲው ቢለይ ማንንም አይጥልም፤ በሚቀጥለው ድምፅ ተመልሶ አብሮት ይቆማል።

አመሰግናለሁ።