ዩሪያውን ሰማይ በላው

ጤና ይስጥልኝ። የምናገረው ከደብረ ማርቆስ ነው፤ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከሰማችሁ ይቅርታችሁን እለምናለሁ።

ልጅ ሳለሁ ክረምቱን እነማይ፣ አጎቴ ዘንድ ነበር የማሳልፈው። አንድ ነሐሴ የስንዴውን ሁለተኛ ዙር ዩሪያ ማዳበሪያ እንድበትን አዘዙኝ፤ «ደመናውን አይተህ ነው ታዲያ» ብለው ወጡ። ሰማዩ ጠርቷል፣ ፀሐይዋ ትጠብሳለች። እኔ ግን ገበያ ልሄድ ቸኩያለሁ። በተንኩት። ለአራት ቀን ጠብታ አልወረደም። በኋላ አጎቴ የገረጣውን ማሳ አይተው «ዩሪያውን ሰማይ በላው» አሉ። እንዲያው የንዴት አነጋገር መስሎኝ ነበር።

ለካ ኬሚስትሪ ነው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ አፈር ውስጥ ያለ ዩሪኤዝ የሚባል ኢንዛይም ወደ አሞኒየም ይለውጠዋል። ዝናብ ወደ ውስጥ ሳያሰርገው ይህ ሁሉ የሆነው እላይ ላዩን ከሆነ ከፊሉ አሞኒያ ጋዝ ሆኖ ይተናል። አፈር ውስጥ የገባውን ደግሞ ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ ናይትሬት ያደርጉታል። ስንዴው በአብዛኛው የሚመገበው እነዚህን ሁለቱን፣ አሞኒየምንና ናይትሬትን ነው።

ሁለቱ ግን ለተክሉ አንድ አይደሉም። ናይትሬት እንዳልተፈጨ እህል ነው፤ ተክሉ በሴሎቹ ውስጥ ያከማቸዋል፣ ለመጠቀም ግን ወፍጮ አለበት፤ ወደ አሞኒየም ለመመለስ ጉልበት ያወጣል። አሞኒየም እንደ ወተት ነው። ወፍጮ አይጠይቅም፣ ግን አይቀመጥም፤ ሥሩ ከቅጠል በወረደለት ስኳር ቶሎ ወደ አሚኖ አሲድ ካልቀየረው መርዝ ይሆንበታል፣ ሥሩም ይቀጭጫል። ስንዴ ሁለቱን አደባልቆ ሲያገኝ ነው የሚደላው። ከልክ በላይ ሲሰጡት ደግሞ አገዳው ይረዝምና ይጋሽባል፤ «ጨምርበት» ባዮችን የማልወደው ለዚህ ነው።

የመሬቱም ነገር አለ። እናቴ የማቻከል ሰው ናት፤ የእነሱ አፈር ቀይ ነው፣ አሲዳማ። ሥሩ አሞኒየም ሲወስድ አሲድ ይለቃል፤ አሞኒየም ናይትሬት ሲሆንም እንዲሁ። አሲዱ ሲበረታ በአፈሩ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ያኮስሰዋል። ዩሪያ ብቻ ለዓመታት የበላ ቀይ መሬት ኖራ ካልቀመሰ አይመለስም። አያቴ በዚያ መሬት ላይ ግብጦ የምትዘራው ለአረቄ ማጣጫ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ የግብጦ ሥር ከአየር ናይትሮጅን እንደሚያስር ያወቅሁት ካለፈች በኋላ ነው።

የአጎቴ ዋልካ፣ ጥቁሩ ጭቃማ አፈር፣ ሌላ ጠባይ አለው። ውኃ ሲቋጥር አየር ያጡ ባክቴሪያዎች ከናይትሬቱ ኦክስጅኑን ነጥቀው ናይትሮጅኑን ወደ ላይ ይለቁታል። ሰማይ በድርቁም በጎርፉም ይበላል ማለት ነው። ቦይ ቀዶ ማጠንፈፍ ከማዳበሪያው እኩል ዋጋ ያለው ለዚህ ነው።

ትናንት አጎቴ ደወሉልኝ። ተምረሃል ብለው ያከብሩኛል፤ ሁለተኛውን ዙር መቼ ልበትን አሉኝ። አሞኒያውን፣ ኢንዛይሙን፣ ሁሉንም ዘርዝሬ «ዝናብ ሊመጣ ሲል ነው ጋሼ» አልኳቸው።

ዝም ብለው ቆዩና «እሱንማ እኔ ነግሬህ ነበር» አሉኝ።