ጠመኔው አልፈላም

የተከበራችሁ የተማሪ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

በዛሬው የወላጆች ቀን ስለ ዓመቱ የሳይንስ ትምህርት እንድናገር ተጠይቄያለሁ። ውጤቱን ርዕሰ መምህሩ ነግረዋችኋል፤ አልደግመውም። እኔ የመጣሁት ስለ አንድ ቀን ላወራችሁ ነው።

የሰባተኛ ክፍል ልጆቼን «ከቤት ድንጋይና ቅርፊት ይዛችሁ ኑ» አልኳቸው። አመጡ። የእንቁላል ቅርፊት፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ ከግንባታ የተረፈ የእምነ በረድ ስባሪ። አንዱ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ጥቁር ድንጋይ ፈልጦ መጣ። የአንዷ አባት ሹፌር ናቸው፤ ከደጀን በታች፣ ከዓባይ በረሃ ቁልቁለት የኖራ ድንጋይ አምጥተውላታል።

አሲድ ላብራቶሪ ውስጥ አለ። ላብራቶሪው ግን ተቆልፏል። ስለዚህ ሎሚና አቼቶ ገዛሁ። ድንጋዩን በሚስማር ፋቅ ፋቅ አድርገን ዱቄቱ ላይ ጠብ አደረግን፤ ዱቄት ሲሆን ቶሎ ይታያል። የእንቁላሉ ቅርፊት ላይ ትንንሽ አረፋ ተነሣ። የዓባይ በረሃው ድንጋይ ደግሞ ጆሮ ሲያስጠጉት ፍሽሽ ይላል። ቅርፊቱም የኖራ ድንጋዩም በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፤ አሲድ ካልሲየም ካርቦኔት ሲነካ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። «ፈላ! ፈላ!» የሚለው ጩኸታቸው ጎረቤት ክፍል ድረስ ተሰማ።

የጦሳው ድንጋይ ዝም አለ። ልጁ አንገቱን ደፋ። «አብሽር» አልኩት። «ያንተ ባዛልት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ። የእሷ ደግሞ ባሕር ውስጥ የተጠራቀመ ነው። ያንተ እንደ እሷ ከካልሲየም ካርቦኔት አልተሠራም፤ የዝምታው ምክንያት ይሄ ነው።»

ከዚያ አንዲት ልጅ ሰሌዳው ሥር የወደቀ ጠመኔ አነሣችና አቼቶ ጠብ አደረገችበት። ምንም። ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። «ጠመኔ ካልሲየም ካርቦኔት ነው» ይላል። ያስገለበጥኳት እኔ ነኝ፤ በዚያው ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ጽፌ። ቁጭ ብለን አወራንበት። መጽሐፉ የሚናገረው ከመሬት ስለሚቆፈረው ጠመኔ ነው። የሰሌዳ ጠመኔ ግን ብዙ ጊዜ ከጄሶ ይሠራል። ጄሶ ካልሲየም ሰልፌት ነው፤ አሲድ ቢነካውም አረፋ አያወጣም።

ፈተና መጣ። ያወጣው የኛ ትምህርት ቤት አይደለም። «ጠመኔ ላይ አሲድ ቢጨመር ምን ይሆናል?» ይላል። ልጅቷ «የክፍላችን ጠመኔ አይፈላም፤ ሞክሬዋለሁ» ብላ ጻፈች። ኤክስ ተደረገባት። አቤት ብል «መልሱ እንደዚያ ነው የተላከው» ተባልኩ።

እስኪ ፍረዱ! በዓይኗ ያየችውን የጻፈች ልጅ ዜሮ፣ ያላየውን የሸመደደው ሙሉ ማርክ! ሊገመግሙኝ የመጡ ሰውም «ሎሚ መጭመቁን ተዪና ምዕራፉን ጨርሺ» አሉኝ። አልተውም! ልጄ በእጇ ሞክራ ያገኘችውን በቀይ እስክሪብቶ ሲሰርዙባት ዝም ብዬ አላይም!

የምጠይቀው የላብራቶሪውን ቁልፍ ነው። ከመስከረም በፊት ይሰጠን። ልጆቹ የሚጠቀሙት የቀጠነ አሲድ ነው። የማቀጥነውም እኔ ነኝ፤ አሲዱን ወደ ውሃ እንጂ ውሃውን ወደ አሲድ አንጨምርም። የዓይን መከላከያ መነጽር ያስፈልገናል፤ አቅም ያላችሁ ወላጆች አነጋግሩኝ። ስለ ቤተ መጻሕፍቱም የምለው ነበረኝ፤ ሌላ ቀን ይሁን።

ልጅቷ እዚሁ አለች። ታፍራለችና ስሟን አልጠራም። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ያለው ካርቶን የነሱ ድንጋይ ነው። ጠመኔም አለበት። ሎሚ ቆርጬ አስቀምጫለሁ። ወላጆች፣ ወደ ሻዩ ከመሄዳችሁ በፊት ጎራ በሉና ጠብ አድርጉበት።

አመሰግናለሁ።